ከሥዕል ወደ ሥዕል፤ የኤሚል ሬይኖ ሕይወት

በመርካቶ፣ ምናለሽ ተራ በተባለው ስፍራ፣ የሚጣል ነገር እንደሌለ የአዲስ ከተማን መንገድ የረገጠ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። አሮጌው ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀለት ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይወጣዋል። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው ግን የዕድሜ ልክ ሥራውን በገዛ እጁ ወንዝ ውስጥ የጣለ ነው። የጣለውም ነገር ዋጋ ቢስ አልነበረም። እዚያው መርካቶ ውስጥ በየፎቶ ቤቱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፣ የሙሽሮች ፎቶግራፍ ቀስ እያለ ደብዝዞ ሌላው በቦታው እንዲተካ የሚያደርጉት ወጣቶች የሚከተሉት መንገድ፣ ያ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የሄደበት ነው።

ኤሚል ሬይኖ የተወለደው በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሞንትሮይ፣ በ1844 ዓ.ም. ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምንሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ መሐንዲስና የሜዳይ ቀራጭ፣ እናቱ አስተማሪ የነበረች ሥዕል ዐዋቂ ስለነበሩ፣ ልጁ ብረትንና ቀለምን በአንድ ቤት ተማረ። ካደገም በኋላ በመጀመሪያ የረቂቅ መሣሪያዎች ሥራ፣ ቀጥሎም ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ዘንድ ፎቶግራፍን በእጅ የማረም ጥበብ ለመደ። ከዚያም በፋኖስ ብርሃን ሥዕልን በግድግዳ ላይ እያሳዩ ሳይንስ የሚያስተምሩ አንድ ቄስ ረዳት ሆነ። እንግዲህ ማረም፣ ማብራትና ማንቀሳቀስ፣ ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ተከታታይ ሥዕሎች በክብ ከበሮ ውስጥ እየተሽከረከሩ በቀጫጭን ስንጥቆች ይታዩ ነበር። ነገር ግን ስንጥቁ ብርሃን ስለሚቀንስ ሥዕሉ ይጨልማል። ሬይኖ በ1877 ስንጥቆቹን አስወግዶ በከበሮው መካከል መስተዋቶችን ደረደረ፤ አንዱ ሥዕል ከመስተዋቱ ላይ ሳይጠፋ ሌላው ስለሚተካው፣ እንቅስቃሴው ብሩህና ለስላሳ ሆነ። መሣሪያውንም ፕራክሲኖስኮፕ ብሎ ሰየመው። በዓመቱ በተደረገው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት የክብር ስም አገኘበት።

ይሁን እንጂ በከበሮው ዙሪያ የነበሩት ሥዕሎች 12 ብቻ ስለነበሩ፣ አንዲት ልጅ ገመድ ስትዘል ከማሳየት በቀር ታሪክ አይነግሩም። ስለዚህ በ1888 ሥዕሎቹን በረጅም ጥብጣብ ላይ ቀጣጥሎ፣ በሥዕሎቹም መካከል ቀዳዳ በስቶ፣ በመንኰራኵር የሚጠቀለልበትን የብርሃን ቴአትር አስመዘገበ። በጥቅምት 28 ቀን 1892 በፓሪስ በግሬቫን ሙዚየም ለሕዝብ አሳየ። የሉሚየር ወንድማማቾች ሲኒማ በዚያችው ከተማ ለሕዝብ የታየው ከዚህ 3 ዓመት ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ብልሃቱን እንመልከት። ሬይኖ ሁለት ፋኖስ ነበረው። አንደኛው የማይንቀሳቀሰውን ቤትና አጥር ሲያበራ፣ ሁለተኛው የሚንቀሳቀሱትን ሰዎች ብቻ በላዩ ይጥል ነበር። ስለዚህ ቤቱን አምስት መቶ ጊዜ መሣል አላስፈለገውም። ዛሬ በፎቶሾፕ የሚሠራ ሰውም ጀርባውን በአንድ ሌየር፣ የሚለወጠውን በሌላ ሌየር ያስቀምጣል፤ የላይኛው ፎቶግራፍ ከ100 ወደ 0 እየሳሳ እንዲሄድ ያዝዛል፤ በመካከል ያሉትን ፍሬሞች ፕሮግራሙ አስልቶ ይሞላለታል። ሬይኖ ግን የመካከሉን ሁሉ በብሩሽ ይሞላ ነበር። ምስኪኑ ፒየሮ የተባለው ሥራው 500 ያህል ሥዕሎች ሲኖሩት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይታይ ነበር። ይኸ የሆነው ሬይኖ ጥብጣቡን በእጁ እያዞረ፣ አንዳንዴ እያቆመ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየመለሰ፣ የእያንዳንዱን ሥዕል ዕድሜ ራሱ ስለሚወስን ነው። ፍሬሙ ስንት ጊዜ ይቆይ የሚለውን ጥያቄ ዛሬም ማሽኑ ስለ እኛ አይመልስልንም።

እስከ 1900 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው አየለት። ነገር ግን አንድ አዲስ ትርኢት ለመሣል ወራት ሲፈጅበት፣ የሉሚየር መሣሪያ በደቂቃ ውስጥ ባቡርና ሠራተኛ እያነሣ ያሳይ ጀመር። ያ ሲኒማ ወደ አገራችንም ደርሶ፣ በአዲስ አበባ ከቀደሙት አዳራሾች አንዱን ሕዝቡ ሰይጣን ቤት አለው፤ በመርካቶም ሲኒማ ራስ ለአካባቢው ስሙን እስከ መስጠት ደረሰ። ሬይኖ ግን ተመልካች አጣ፤ ደኸየም። በመጨረሻም መሣሪያውን ሰባብሮ፣ ከጥብጣቦቹ አብዛኞቹን ወደ ሴን ወንዝ ወረወረ። በጥር 1918 በኢቭሪ በሚገኝ ሆስፒታል ዐረፈ። ከብርሃን ቴአትሩ ሥራዎች የተረፉልን ምስኪኑ ፒየሮና በባሕር ዳር መታጠቢያ ጎጆ ዙሪያ የሚያሳየው ሁለቱ ብቻ ናቸው።

በእኛ አስተያየት፣ ሬይኖ በሉሚየር መሸነፉ አያሳፍረውም፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን መቅደሙ የገበያ ሕግ ነው። የሚያሳዝነው ገበያ ያላነሣውን ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ ማመኑ ነው። በእጅ የተሣለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ብዙም ሳይቆይ በሌሎች እጅ ተነሥቶ ዓለምን ሞላ፤ የሁለቱ ፋኖሶች ሐሳብም ዛሬ በየኮምፒዩተሩ አለ። እንግዲህ ከእኛ መካከል ፎቶግራፍን ከፎቶግራፍ ማገናኘት የሚለማመዱ ጓደኞቻችን፣ ለደንበኛ የሚሰጠውን ያለቀ ሥራ ብቻ ሳይሆን ሌየሮቹ ገና ያልተዋሐዱበትን ዋናውን ፋይል ያስቀምጡ። ዛሬ የሚፈልገው ባይኖር፣ ነገ መጥቶ የሚያነሣው አይታጣምና። ይኸን ደግሞ ከፓሪስ ይልቅ ምናለሽ ተራ አሳምሮ ያስተምረናል።