ፋውስቶ ኮፒ፦ በልኩ ያልተሰራችለት የመጀመሪያ ብስክሌት

ጢቾ ላይ ሯጭ ለመሆን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ዳገቱ ደጅ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። ከአሰላ እስከ በቆጂ ያለው የአርሲ ደጋ እነ ኃይሌን፣ እነ ደራርቱንና እነ ቀነኒሳን ያፈራው በእግር መንገድ ነው። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን ባንድ ላይ የሚያስኬደውን ትራያትሎን ልሞክር የሚል ልጅ ግን አንድ ጣጣ ይጠብቀዋል። በኦሊምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ከዋኘ በኋላ 40 ኪሎ ሜትር ፔዳል መትቶ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ሩጫው እጁ ላይ አለ፣ ዋናውንም ይማረዋል፤ ብስክሌት ግን መግዛት አለበት። ታዲያ የመጀመሪያዋ ምን አይነት ትሁን? ከ90 ዓመታት ገደማ በፊት ይህ ጥያቄ የአንድ ጣሊያናዊ ገበሬ ልጅን አንጀት አሳርሯል።

ፋውስቶ ኮፒ የተወለደው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1919 እ.ኤ.አ በፒየሞንቴ ኮረብታዎች ላይ በምትገኘው ካስቴላኒያ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። እግሩ ረጅም፣ ሰውነቱ ቀጭን ነበር። የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ምድር ቤት ውስጥ የተጣለች፣ የዛገችና ፍሬን የሌላት ብስክሌት አገኘ። እንደምንም ጠጋግኖ መንዳት ጀመረ፤ ትምህርት ቤት መቅረትም አበዛ። መምህሩ ጥፋቱን 100 ጊዜ ቢያስጽፈውም ልጅየው አልተመለሰም። በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ኖቪ ሊጉሬ ከተማ ስጋ ቤት ተቀጠረና ለደንበኞች ስጋ በብስክሌት ያደርስ ገባ።

የልጁን ፍቅር ያየው በስሙ የሚጠራው ባህረኛ አጎቱ 600 ሊሬ ሰጠው። ገንዘቡ በልኩ የተሰራ የብስክሌት ፍሬም ማሰሪያ ነው። ፋውስቶ ወደ ሱቁ ሄዶ ተለካ፣ ገንዘቡንም ከፈለ። በሳምንቱ ና ተባለ። በሳምንቱ ሲሄድ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። እንዲህ እየተመላለሰ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ባለሱቁ ለዚህ ከሲታ ልጅ አልደክምም ያለ ይመስል ተሰርቶ ከተሰቀለው አንዱን አውርዶ ሰጠው። ፋውስቶ በንዴት ቢጦፍም አፉን ከፍቶ መከራከር አልደፈረም።

ነገሩ የኩርፊያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፍሬሙ የሚተልቅበት ልጅ መሪው ላይ ለመድረስ ሲንጠራራ ወገቡን ያመዋል፤ የሚያንስበት ደግሞ ጉልበቱን ይጎዳል። ጀማሪ ገዢ ከቀለሙና ከስሙ በፊት ይህንን ነው ማየት ያለበት። ብስክሌቷን በሁለት እግሩ መሀል አድርጎ ሲቆም ሁለቱም እግሮቹ መሬት መርገጥ፣ የላይኛው ብረትም ሳይነካው መቅረት አለበት። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ትንሽ ብቻ መታጠፍ ይገባዋል። ለትራያትሎን ተብላ የተሰራችው ውድ ብስክሌት ለጊዜው ትቆይ። ፍሬኗ የሚይዝ፣ ለዳገት የሚሆን ማርሽ ያላት ያገለገለች የመንገድ ብስክሌት 40ውን ኪሎ ሜትር ታስጨርሳለች።

የኮፒን ሰውነት በትክክል ያነበበው ሰው ዓይነ ስውር ነበር። ቢያጆ ካቫና የተባለው የኖቪ ሊጉሬ ማሳጅ ሰሪና አሰልጣኝ የጋላቢዎችን ጡንቻ በጣቶቹ እየዳሰሰ ማን ምን ያህል አቅም እንዳለው ይለይ ነበር። ባለሱቁ ዓይን እያለው ያላየውን ካቫና በእጁ አገኘው። ኮፒ የሱ ተማሪ ሆነ፤ አመጋገቡም፣ እንቅልፉም፣ ልምምዱም በሱ ትእዛዝ ሆነ።

በ1940 ኮፒ ጂሮ ዲታሊያ ሲገባ ስራው ኮከቡን ጂኖ ባርታሊን ማገዝ ነበር። ባርታሊ ወድቆ ሲጎዳ የ20 ዓመቱ ረዳት ውድድሩን ራሱ አሸነፈ። በማግስቱ ጣሊያን ጦርነት ገባች። ኮፒ ኖቬምበር 7 ቀን 1942 ሚላን ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 45.798 ኪሎ ሜትር በመንዳት እስከ 1956 የቆየ ሪከርድ ቢያስመዘግብም በተከታዩ ዓመት ቱኒዚያ ውስጥ በእንግሊዞች እጅ ተማረከ።

ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን ለሁለት ተከፈለች፤ ግማሹ ባርታሊ፣ ግማሹ ኮፒ። ጊዮርጊስና ቡና ሲጋጠሙ አዲስ አበባ እንዴት እንደምትሆን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። በ1949 ከኩኔዮ ፒኔሮሎ በተደረገው ውድድር ኮፒ በሰማይ ቀለሟ ቢያንኪ 192 ኪሎ ሜትር ብቻውን ነድቶ ባርታሊን 12 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ገባ። በዚያው ዓመት ጂሮንና ቱር ደ ፍራንስን አጣምሮ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ1952ም ደገመው። በጠቅላላው አምስት ጂሮና ሁለት ቱር ወሰደ።

ሀዘኑም አልቀረለትም። ታናሽ ወንድሙ ሰርሴ በ1951 ውድድር ላይ ጎማው የትራም ሀዲድ ውስጥ ገብቶ ወደቀና ጭንቅላቱን ተመታ። ተነስቶ ውድድሩን ቢጨርስም በዚያው እለት ሞተ። ብስክሌት ገዝቶ ለሄልሜት ገንዘብ አለቀብኝ የሚል ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

በዲሴምበር 1959 ኮፒ ለውድድርና ለአደን የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ፣ የያኔዋ ኦት ቮልታ ሄደ። ሲመለስ ትኩሳት ያዘው። አብሮት የነበረው ፈረንሳዊው ራፋኤል ዤሚኒያኒም ታመመ። የፈረንሳይ ሀኪሞች ወባ መሆኑን ደርሰውበት ዤሚኒያኒን አዳኑት፤ ወሬውም ጣሊያን ደረሰ። የኮፒ ሀኪሞች ግን ስራችንን እናውቃለን ብለው ሌላ በሽታ ማከማቸውን ቀጠሉ። ከጢቾ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሲያተኩሰው ቤተሰቡ ቀድሞ የሚጠረጥረውን በሽታ ሳያገኙት ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 ኮፒ በ40 ዓመቱ አረፈ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ አቋረጠ። ልክ የሚሆነው ጫማ ስላላገኘ የማይሆነውን አላጠለቀም። የአርሲው ልጅ በብስክሌት እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ ያለ ጫማ ይሮጣል፣ ያለ ብስክሌት ግን 40 ኪሎ ሜትሩ የለም። ስለዚህ ሱቅ ሲገባ ይለካ። የተሰቀለውን አውርደው ሲሰጡት ደግሞ ያኔ ፋውስቶ ያልደፈረውን ይድፈርና አይሆነኝም ይበል።