የመቅደላን ድንጋይ ያነበበው ብላንፎርድ

የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት አንድ የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ተጉዟል። ይኸውም በ1832 ለንደን ውስጥ ተወልዶ ከ1855 ጀምሮ በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ያገለገለው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ነው።

ብላንፎርድ ከዙላ አንሥቶ የአለቱን ንብርብር በየተራ እየለየ ወደ ደቡብ ዘለቀ። የታችኛውን አሸዋ ድንጋይ በአዲግራት፣ በላዩ ያለውን የኖራ ድንጋይ በሕንጣሎ፣ ደጋውን የሸፈነውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በአሸንጌና በመቅደላ ስም ሰየመው። በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የሚገኙት የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካላት ይህ ምድር በጁራሲክ ዘመን በባሕር ተሸፍኖ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ጥናቱን በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1905 ዐረፈ።

ብላንፎርድ በአገራችን የዳይኖሰር ቅሪት አላገኘም። ነገር ግን ከየትኛው ንብርብር እንደ ወጣ ያልታወቀ አጥንት ዘመኑን አይናገርም። ከወረኢሉና ከመካነ ሰላም ደጋ ቁልቁል ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ ሸለቆ ቢወረድ፣ ከላይ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ፣ ከሥር የኖራው ድንጋይ ይታያል። ከዚሁ የኖራ ድንጋይ በላይ ባለው የሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸው በ1999 በጥናት ተገለጠ።

ዘማቹ ጦር ከመቅደላ ዘውድና የብራና መጻሕፍት ዘርፎ ሄደ። የብላንፎርድ የንብርብር ቅደም ተከተል ግን ለሙያችን መነሻ ሆኖ ቀርቷል። እንግዲህ ከገደል ሥር ቅሪተ አካል የሚያነሣ ባልደረባ ሁሉ አስቀድሞ ንብርብሩን ይመዝግብ።