ጋሊሊዮና የሚወዛወዝ ነገር ሕግ

ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1564 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፒዛ ከተማ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። አባቱ ቪንቼንዞ ሉት የሚባል የጅማት መሣሪያ የሚመታ ሙዚቀኛ ነበረና፥ የጅማቱን ውጥረት እየለዋወጠ ድምፁን ይመረምር ነበር። ልጁም ከመጻሕፍት አስቀድሞ ነገሩን ራሱን መመርመር የተማረው ከዚያ ቤት ይመስለናል።

አባቱ ሐኪም ይሆንልኛል ብሎ በ1581 ወደ ፒዛ ዩኒቨርሲቲ ቢያስገባው፥ ልቡ ወደ ሒሳብ አዘንብሎ በ1585 ያለ ዲግሪ ወጣ። በካቴድራሉ የተንጠለጠለ መብራት ሲወዛወዝ አይቶ በደም ሥሩ ትርታ ጊዜውን ለካ የሚባለው በዚያ ወራት ነው። ይህን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ቪቪያኒ ነው፤ ዛሬ ለጎብኚ የሚታየው መብራት ግን የተሰቀለው በ1587 ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በጥንቃቄ እንቀበለዋለን። በ1602 ለአንድ ወዳጁ በላከው ደብዳቤ ግን ስለዚሁ ነገር መጻፉ የታወቀ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። በክር የተንጠለጠለ ድንጋይ ከባድም ሆነ ቀላል፥ ለአንድ ምልልስ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው፤ ጊዜውን የሚለውጠው የክሩ ርዝመት ነው። እኛም በአርሲ ነገሌ በክርና በድንጋይ ሞከርነው። ክሩ 1 ሜትር ሲሆን ሄዶ መመለሻው 2 ሴኮንድ ያህል፥ 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 1 ሴኮንድ ያህል ሆነ። ውዝዋዜው ቢሰፋም ቢጠብም ጊዜው አይለወጥም ማለቱ ግን የሚሠራው ለጠባቡ ውዝዋዜ ብቻ ነው፤ ይህን ስሕተቱን ሆላንዳዊው ሁይገንስ ኋላ አረመው።

በ1610 ጁፒተርን የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን በመነጽር አይቶ ዝናው በአውሮጳ ሁሉ ተሰማ። ነገር ግን ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ ስለ ደገፈ፥ በ1633 በሮም በቤተ ክርስቲያን ዳኞች ፊት ቀርቦ በ69 ዓመቱ ተንበርክኮ ሐሳቡን ካደ። ፊዚክስንም መጽሐፍ ቅዱስንም በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለተማርነው ለእኛ ይህን ማንበብ ይከብደናል። እስከ ሞቱ ድረስም በቤቱ እንዲታሰር ተፈረደበት። በማግሥቱ ዓመት የምታጽናናው መነኩሲት ልጁ ማሪያ ቸለስተ ሞተችበት።

በዚህ ኀዘን ውስጥ ሆኖ ወደ ወጣትነቱ ጥያቄ ተመለሰ። በ1638 በሆላንድ አገር በላይደን ባሳተመው መጽሐፍ ትልቅ ደወልን አንድ ሰው ገመዱን በልኩ ጊዜ እየሳበ ሊያወዛውዘው እንደሚችል፥ ከዚያም ስድስት ሰዎች ሊያቆሙት ቢይዙት ከመሬት እንደሚያነሣቸው አስረዳ። ዥዋዥዌ የገፋ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በጊዜው የገፋ ከፍ ያደርጋል፥ ያለ ጊዜው የገፋ ያበርዳል። የክራር ሁለት ጅማቶች በአንድ ድምፅ ቢቃኙና አንዱ ቢመታ፥ ሳይነካ የቀረው ጅማት አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ በላዩ ትንሽ የወረቀት ቁራጭ ብናስቀምጥ ይዘላል። ይህ ዛሬ ሬዞናንስ ይባላል።

መጽሐፉ ሲታተም ጋሊሊዮ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። በ1641 በሚወዛወዝ ነገር የሚሄድ ሰዓት አስቦ፥ በአያቱ ስም ለተጠራው ለልጁ ለቪንቼንዞ አሠራሩን በቃል ነገረው፤ ሆኖም ሰዓቱን ሳያይ ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 ዓ.ም. ሞተ። እንዲህ ያለውን ሰዓት ሁይገንስ በ1656 ሠራ። የሮም ቤተ ክርስቲያንም ዳኞቹ መሳሳታቸውን በ1992 ተናገረች።