ብቻውን የሄደው ብዕር

ማንኛውም የፖለቲካ ጋዜጣ የቆመበት ማኅበራዊ መሠረት አለው። መሠረቱ ሲናድ ብዕሩ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ የፖላንዳዊው ወግ አጥባቂ ጋዜጠኛ የስታኒስዋቭ ማትስኬቪች ሕይወት ጉልህ ምስክር ነው። (ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።)

ማትስኬቪች በ1896 በሩሲያ ዛር መናገሻ በፒተርስበርግ ተወለደ። በ1922 በቪልኖ ከተማ «ስዎቮ» ማለትም «ቃል» የተባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ አቋቋመ። የጋዜጣው ደጀኖች የአካባቢው ባለርስቶች ነበሩ፤ አቋሙም የእነሱው አቋም ነበር፤ ዘውዳዊ ሥርዓትን ይናፍቃል፣ የመሬት ይዞታ ለውጥን ይቃወማል። አዘጋጁ የማርሻል ፒውሱድስኪን የ1926 መፈንቅለ መንግሥት ደግፎ፣ ከ1928 እስከ 1935 በመንግሥቱ ወገን የፓርላማ አባል ሆነ።

ይሁን እንጂ የብዕር ስሙን የወሰደው እንግሊዛዊው ደራሲ ኪፕሊንግ ከጻፈላት፣ ብቻዋን ከምትሄደው ድመት ነበር፤ ጠባዩም ስሙን መሰለ። ማርሻሉ በ1935 ከሞተ በኋላ ሥልጣን የጨበጡትን መሪዎች አጥብቆ በመንቀፉ፣ በ1939 በቤሬዛ ካርቱስካ የእስር ጣቢያ ያለ ፍርድ 17 ቀን ታሰረ። ያሰረው ራሱ ሲደግፈው የኖረው ሥርዓት ነበር።

በዚያው ዓመት ጦርነት ፈነዳ፤ «ስዎቮ»ም ተዘጋ። ማትስኬቪች በሊትዌንያና በፈረንሣይ በኩል አድርጎ እንግሊዝ አገር ገባ። ከ1946 እስከ 1950 በለንደን «ልቩቭ እና ቪልኖ» የተሰኘ ሳምንታዊ የፖለቲካ ጋዜጣ አዘጋጀ። ጋዜጣው ስማቸውን የያዘላቸው ሁለት ከተሞች ግን በ1945 የያልታ ውሳኔ ከፖላንድ ወሰን ውጭ ቀርተው ነበር። ባለርስቱ ርስቱን፣ ጋዜጣው አገሩን አጥቶ ክርክሩ ብቻ ቀረ።

ከ1954 እስከ 1955 የስደተኛው መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ያን መንግሥት ብሪታንያና አሜሪካ ዕውቅና ከነፈጉት ዘጠኝ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። በ1956 ብዙዎች ባልጠበቁት ውሳኔ ወደ ሶሻሊስቷ ፖላንድ ተመለሰ። እዚያም መጻሕፍት አሳተመ። ዳሩ ግን በ1964 የወረቀት እጥረትንና የሳንሱርን መጥበቅ በመቃወም ሠላሳ አራት ደራስያንና ምሁራን ለመንግሥት ባቀረቡት ደብዳቤ ላይ ፈረመ። በፓሪስ ይታተም በነበረው የስደተኞች መጽሔት ላይ በሌላ ስም በመጻፉም ክስ ተመሠረተበት። ችሎት ሳይቀርብ በ1966 ዋርሶ ላይ ሞተ።

የባለርስቶቹ ዓላማ ከባለርስቶቹ ጋር አልፏል፤ የሚያስቆጭም አይደለም። ነገር ግን በርዕዮተ ዓለም ፍጹም የሚጻረሩ ሁለት መንግሥታት ለአንድ ሰው ጽሑፍ የሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነበር፤ አንዱ እስር፣ ሌላው ክስ። የተሳሳተ ሐሳብ የሚረታው በተሻለ ሐሳብ ነው። ጸሐፊውን ማሰር ግን፣ የማትስኬቪች ሕይወት እንደሚያሳየው፣ ክርክሩን አይዘጋም።