ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልና የሐረር ገበያ፦ ንግድ የራቃት ከተማ ሕይወቷን እንዴት እንደጠበቀች

መግቢያ

ደንበኛ የራቀው የገበያ ማዕከል ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በዘመኑ የከተማ ፕላን ጥናት ውስጥ ሰፊ ስፍራ ይዟል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በ1956 እ.ኤ.አ. የተከፈተውንና ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ለበስ ከሆኑት የገበያ ማዕከላት በኩር የሚባለውን ሳውዝዴልን የነደፈው ቪክቶር ግሩን፣ ገበያውን በመኖሪያ ቤት፣ በሕክምና ተቋምና በመናፈሻ የተከበበ የማኅበረሰብ መሰብሰቢያ አድርጎ አስቦት ነበር። በብዙ ከተሞች የተባዛው ግን የሐሳቡ ንግዳዊ ክፍል ብቻ ነው። በመሆኑም ንግዱ ሲቀዘቅዝ ሕንፃው ጸንቶ የሚቆምበት ሌላ ምክንያት አጣ።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በግንብ የታጠረችው የገበያ ከተማ ሐረር በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ የንግድ ማዕከልነቷን ማጣት ጀመረች። ያን ጊዜ ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። የራስ መኮንን ሕይወት በአብዛኛው የሚነገረው ከዐድዋ ጦርነትና ከዲፕሎማሲ አንጻር ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ሕይወታቸውን ከሐረር ገበያና ሕንፃዎች ጋር አያይዞ ይከተላል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ሐረር ከንግዷ መዳከም በኋላ የቆመችው በገበያዋ ዙሪያ ልዩ ልዩ አገልግሎቶች በመሰባሰባቸው ነው፤ ይሁንና የአንዳንዱ ለውጥ አፈጻጸም የነዋሪውን ፈቃድ ያልጠየቀ በመሆኑ ዘላቂ ቅሬታ ትቷል የሚል ነው።

ከደረፎ ማርያም እስከ ሐረር

መኮንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደረፎ ማርያም በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዴሳ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ስለዚህ መኮንን ከምኒልክ ጋር የአጎትና የአክስት ልጆች ነበሩ። ገና በጉብዝናቸው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገብተው አደጉ፤ በዚያም የአገር አስተዳደርን፣ የጦር አመራርንና ከውጭ ሰው ጋር መነጋገርን ተማሩ።

የሕይወታቸው አቅጣጫ የተለወጠው በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን በተካሄደው የጨለንቆ ጦርነት ነው። ንጉሥ ምኒልክ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዋን ሲይዙ፣ መኮንንን በደጃዝማችነት ማዕረግ አስተዳዳሪ አድርገው ሾሟቸው። የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ልጃቸው ተፈሪ፣ ከሐረር ብዙም በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ተወለደ።

የተረከቧት ከተማ

መኮንን የተረከቧት ሐረር ባዶ ምሽግ አልነበረችም። ጀጎል የሚባለው ግንብ በ16ኛው ምዕት ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በውስጡ የሚገኘው ስፍራ 48 ሄክታር ያህል ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ሲራራ ነጋዴው፣ የገጠሩ ገበሬና ከብት አርቢው የሚገናኙባቸው መግቢያዎች ነበሩ። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርዳሉ፤ ጨርቃ ጨርቅና የጦር መሣሪያ ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። በመሐል ከተማው ሁለት ዐበይት ገበያዎች ነበሩ፦ የፈረስ ገበያ የነበረው ፈረስ መጋላና ትልቁ ገበያ የሚል ትርጉም ያለው ጊድር መጋላ። በመጋላዎቹና በመኖሪያ ግቢዎቹ መካከል መስጊዶች፣ የቁርአን ትምህርት ቤቶችና የአውሊያ መቃብሮች ተሰባጥረው ይገኛሉ። ገበያ፣ መኖሪያና አምልኮ በአንድ ቅጥር ውስጥ መኖራቸው እንግዲህ የመኮንን ፈጠራ ሳይሆን የሐረር ሕዝብ ነባር ሥርዓት ነው።

ከመኮንን በፊት ግብጻውያን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዋን ይዘው በፈረስ መጋላ መስጊድና ሌሎች ሕንፃዎችን ሠርተው ነበር። የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለባርዴ የንግድ ድርጅት ተቀጥሮ ሐረር የደረሰው በእነርሱ ጊዜ ነው። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ራምቦ ለምኒልክ የሸጠውን የጦር መሣሪያ ሒሳብ የተቀበለው በመኮንን በኩል ሲሆን፣ በሐረር ሱቁ ሲነግድ ቆይቶ በ1883 ዓ.ም. ታሞ ከተማዋን ለቀቀ።

በገበያው ዙሪያ የተሠራው

መኮንን የሐረርን ገቢ የሚያውቁት ከጉምሩክ ነበርና ነጋዴውን ማስደንገጥ አልፈለጉም። በዘመናቸው የሕንድ፣ የግሪክ፣ የአርመንና የዓረብ ነጋዴዎች በከተማዋ ሱቅ ከፈቱ። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች የሠሯቸው ቤቶች በሐረር የሕንፃ ታሪክ ራሱን የቻለ ዓይነት ሆነዋል። እነዚህ ባለ አንድ ፎቅ አራት ማዕዘን ቤቶች ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት በረንዳ አላቸው። ከነባሩ የሐረሪ ቤት ጋር ተዳቅለውም ሦስተኛ ዓይነት ወልደዋል።

በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ መኮንን የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጣልያን ሄዱ። ከመመለሳቸውም የራስነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌ፣ በመቀሌና በዐድዋ ጦር መሩ። በ1889 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ልዑክ ጋር የሶማሌን ወሰን ጉዳይ ተደራደሩ፤ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ተገኙ። የውጭ አገር ጉዞና ግንኙነታቸው በሐረር ሥራዎቻቸው ላይ ምልክት ትቷል። ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በከተማዋ ሆስፒታል እንዲቋቋም አደረጉ፤ የካፑሲን ሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ሲከፍቱም ደገፉ።

ሆኖም ሁሉም ለውጥ በአንድ ዓይን አይታይም። በፈረስ መጋላ በግብጻውያን ዘመን የተሠራው መስጊድ ቀርቶ በስፍራው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታነጸ። ለአሸናፊው ወገን ይህ የድል ምስክር ነበር። በገበያው ዙሪያ ለሚኖረው ሙስሊም ሐረሪ ግን በከተማው እምብርት ያለው ስፍራ ያለ ፈቃዱ ባለቤት የተለወጠበት ዕለት ነው። የአንድን ሕንፃ አገልግሎት መለወጥ የግንበኛ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ፣ የማን ስፍራ ነው የሚለውንም ጥያቄ እንደሚያስነሣ ፈረስ መጋላ ያሳያል።

ሐዲዱና የንግዱ መሸሽ

ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ሐዲዱን ወደዚያ ተራራ ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ሆነ። ሥራ ተቋራጮቹ በቆላው ዳርቻ ለማለፍ ወሰኑ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ባዶ ሜዳም አዲስ ሐረር ተባለ። ይህ ስም ብዙ አልቆየም፤ ከተማዋ በድሬዳዋነቷ ታወቀች።

የአዲሱ ስም ትርጉም ለነባሯ ሐረር መራራ ነበር። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተተከለችው ጣቢያ የሲራራውን መንገድ ቆረጠች። ከሐረር ተነሥቶ ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው ጭነት ከዚያ ወዲያ በድሬዳዋ በኩል አለፈ፤ የውጭ አገር የንግድ ቤቶችም ቀስ በቀስ ወደ ሐዲዱ ተጠጉ። በዛሬው የከተማ ጥናት ቋንቋ ቢነገር፣ የታጠረው የገበያ ማዕከል አዲስ መንገድ ዳር በተከፈተ ተፎካካሪ ደንበኛውን ተነጠቀ ማለት ነው።

ራስ መኮንን የለውጡን መጨረሻ አላዩም። ወደ አዲስ አበባ በመጓዝ ላይ ሳሉ ታመው፣ የገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት በቁልቢ በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ተፈሪ በ1902 ዓ.ም. የሐረር ገዥነቱን ሥልጣን ያዘ።

ከነጋዴ ቤት ወደ ሕዝብ ቤት

ሐረር የወደብ ንግዷን ብታጣም አልፈረሰችም። የአውራጃው ነዋሪ ዳኝነት ፍለጋ፣ ሕክምና ፍለጋ፣ ለዚያራና ለአምልኮ መምጣቱን አላቆመም። ጊድር መጋላ የዓለም አቀፍ ነጋዴ መናኸሪያ መሆኑ ቢቀርም የዕለት ጉርስ ገበያ ሆኖ ቀጠለ። አሰተዳደር፣ ሆስፒታል፣ ትምህርትና ሃይማኖት ከገበያው ጎን መቆማቸው የንግዱን መዳከም ከተማው እንዲሸከመው አስችሏል።

የሕንድ ነጋዴዎቹ ቤቶች እጣም በዚሁ መልክ ተለወጠ። በራስ ተፈሪ ስም የሚታወቀው ቤት ከመኖሪያነት ተሻግሮ ዛሬ የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም መኖሪያ ነው። ሙዚየሙ የእጅ ጽሑፎችን፣ ጌጣጌጦችንና የከተማዋን ጥንታዊ ገንዘቦች ይዟል። የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጠራው የነጋዴ ቤትም፣ ባለቅኔው በእርግጥ የኖረበት ባይሆንም፣ ታድሶ የሐረር የቆዩ ፎቶግራፎች የሚታዩበት የባህል ስፍራ ሆኗል። በ1998 ዓ.ም. ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ የነዋሪዎቹ ቤቶችና የንግድ ዘመኑ ሕንፃዎች አንድ ላይ የቅርሱ አካል ሆኑ።

ማጠቃለያ

የራስ መኮንን ዘመን ለዛሬው የከተማ ፕላን ሁለት ነገር ያስገነዝባል። አንደኛው፣ አንድ ስፍራ በአንድ ዓይነት ገቢ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል የመንገድ አቅጣጫ መለወጥ ሊያከስመው መቻሉ ነው። ሐረርን ያተረፋት ከንግዱ በፊትም በኋላም ሰው የሚኖርባት፣ የሚታከምባት፣ የሚጸልይባትና የሚማርባት መሆኗ ነው። ሁለተኛው፣ ለተለወጠ ሕንፃ የሚሰጠው አዲስ አገልግሎት የሚለካው በግንባታው ውበት ብቻ አለመሆኑ ነው። በፈረስ መጋላ የተደረገው ለውጥ በድል አድራጊ ውሳኔ የተፈጸመ ነው፤ የነጋዴ ቤቶቹ ወደ ሙዚየምነት መለወጥ ግን የከተማዋን የገዛ ታሪክ ለከተማዋ ሰው መልሶ አሳይቷል። ደንበኛ የራቃቸውን የገበያ ማዕከላት ወደ ማኅበረሰብ ማዕከልነት ለመለወጥ የሚያስብ አጥኚ፣ ከወጪና ከንድፍ ስሌቱ አስቀድሞ ስፍራው የማን እንደሆነና አዲሱ አገልግሎት ማንን እንደሚጠራ ሊጠይቅ ይገባል። የሐረር ሁለት መጋላዎች ለዚህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ማስረጃ ያቀርባሉ።