አባ ኢየሱስ ሞዐ ዘሐይቅ

የውጫሌ ስም በዓለም የታወቀው በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው፤ ያ የሰዎች ውል ግን በ1885 ዓ.ም. ተሻረ። ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲኬድ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ እግዚአብሔር ለአንድ አባት የጠበቀውን ኪዳን እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ይህ አባት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። በዳህና ተወልደው፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ በ30 ዓመታቸው ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ፤ በአባ ዮሐኒ እጅ መንኵሰው 7 ዓመት በመታዘዝ አገለገሉ። በ1240 ዓ.ም. ገደማም ወደ ሐይቅ መጥተው ገዳሙን አቀኑ፤ የመጻሕፍት ጉባኤም ዘረጉ።

ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። መምህር ጎበዝ ተማሪውን ከአጠገቡ ሊያጣ አይወድም፤ ይህን ጉባኤ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ግን እኒህን ደቀ መዝሙር መርቀው ወደ ደብረ ዳሞ አሰናበቱ። ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው የሸዋው ደብረ አስቦ የዚያ ስንብት ፍሬ ነው። መምህሩ ያን ፍሬ በሩቅ ለአምላካቸው ትተው፣ በውኃ በተከበበችው ገዳም 45 ዓመት ያህል ሌሎችን ሲያስተምሩ ኖሩ።

በ1273 ዓ.ም. አራቱን ወንጌል ለገዳሙ ሰጡ። ኅዳር 26 ቀን 1286 ዓ.ም. አረፉ። በ1520ዎቹ ጦርነት ገዳሙ ብዙ ንብረቱን ሲያጣ ያ ወንጌል ተረፈ።