ዐፄ ቴዎድሮስና የሌላው ሰው ልብ

ሰውን ለትልቅ ሥራ የሚያነሣሣው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እኛ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ልናስብበት ይገባናል። ዛሬ ራሳችንን ለትምህርት የምናተጋ ሁሉ ነገ ሌላውን ለሥራ የማትጋት ኃላፊነት ይወድቅብናልና። ስለዚህ የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት በዚህ በኩል እንመልከተው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ከመኳንንት ወገን ቢሆንም እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጣለች እየተባለ ይወራ ነበርና ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ስድብ አንዳንዱን ሰው አንገት ያስደፋዋል፤ ካሣን ግን እልክ አስያዘው።

ሸፍቶ በቋራ ቆላ ሳለ ለድኻው ገበሬ የመቆፈሪያ መግዣ ገንዘብ እንደሰጠና ራሱም ከተከታዮቹ ጋር እንዳረሰ አለቃ ዘነብ በታሪኩ ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ ካሣ የገበሬውን ችግር ያውቅ ነበር፤ አብሮት ይኖር ነበርና። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ የግብፅ ጦር በመድፍ ድል ሲያደርገው ደግሞ ሁለተኛ ምኞት በልቡ አደረ፤ ይኸውም መድፍና ሥርዓት ያለው ሠራዊት ማግኘት ነበር። በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሥቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ንጉሠ ነገሥቱ ያሰቡት ሥራ ከዘመናቸው የቀደመ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ፣ የባሪያ ንግድ እንዲቀር፣ ወታደሩም ገበሬውን መብላቱን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር ፈለጉ። ለደመወዙ ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። በ1852 ዓ.ም. ገደማ ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቁታል ብለው የተረፈውን መሬት ለመውሰድ ተነሡ። ካህኑ ከመሬቱ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ፣ ገበሬውም ከካህኑ ጋር እንዴት እንደተቆራኘ በሚገባ አልመዘኑትም። ካህናቱ ጠሏቸው፤ በየአውራጃው ዐመፅ በዛ፤ ዐመፁን ለማጥፋት የዘመተው ሠራዊትም እንደ ቀድሞው የገበሬውን እህል በላ። እንዲህ ሆኖ ገበሬውን ለማዳን የታሰበው ሥራ ገበሬውን አራቀ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በራሳቸው ሠራዊት እስከመዘረፍና እስከመቃጠል ደረሰች።

በጋፋት የሆነው ነገርም ይህንኑ ያስረዳል። ከአውሮፓ የመጡት የእጅ ባለሙያዎች መድፍ መሥራት አንችልም ቢሉም ዐፄ ቴዎድሮስ አልተቀበሏቸውም፤ ማስገደድንም ማባበልንም አደባልቀው አሠሯቸው። ብዙ ጊዜ ከከሸፈ በኋላ ሥራው ተሳካ፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። መድፉን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለመውሰድ በገደሉ ላይ መንገድ ሲጠረግ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ሰው ንጉሡን በዓይኑ እያየ ሠራ፤ ወደ ስድስት ወር ከፈጀ ጉዞ በኋላም መድፉ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ብዙው ወታደር ከድቶ አገሩም ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ከባሕር እስከ መቅደላ ሲዘልቅ ያገደው ሰው እምብዛም አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ዐፄ ቴዎድሮስ እርሳቸውን የሚያነሣሣው ምን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ሌላውም በዚያው እሳት የሚነድ መሰላቸው። ገበሬው ግን ሰላምንና እህሉን፣ ካህኑ መሬቱንና ክብሩን፣ ወታደሩ እንጀራውን ይፈልግ ነበር። የሰውን ፍላጎት ማወቅ ለፍላጎቱ ሁሉ መገዛት አይደለም፤ የካህናቱን መሬት መንካት ምናልባት ተገቢ ነበር። ነገር ግን በቅድሚያ ገበሬው ጥቅሙን በጓዳው እንዲያየው ቢደረግ ኖሮ ከንጉሡ ጋር የሚቆም ወገን በተገኘ ነበር።

እኛም ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየአውራጃው ለሥራ ስንሰማራ የምንይዘው ዕቅድ በወረቀት ላይ ያማረ ይሆናል። ገበሬው ካልተቀበለን ስንፍናውን ከማማታችን በፊት ካሣ በቋራ ሳለ እንዳደረገው አብረነው አርሰን ምን እንደሚፈልግ እንጠይቀው።